የግራ ዓይን ዕድል

እንቅልፍ ከዓርብ ጀምሮ ጥሏት ሄዷል። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ላምዱዋን ኮንቴነሩ ውስጥ ፍራሿ ላይ ተንጋላ፣ ዓይኗ ላይ እርጥብ ፎጣ አጋድማ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትሳደባለች። በአፏ አይደለም፣ አፏ ዝግ ነው፤ የምትሳደበው በሆዷ ነው፣ ሆዷ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ያልተነገረ ነገር የተጠራቀመበት ስለሆነ ስድብ አያልቅበትም። መጀመሪያ ሐኪሙን ትሳደባለች፤ ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮባት፣ ይኸው ብርሃን እንደ ሚጥሚጣ እየገባባት፣ ቅርብ ያለ ነገር ሁሉ እየተድበሰበሰባት፣ የገዛ ጥፍሯን መለየት አቅቷት ተኝታለች። ቀጥላ ኮንቴነሩ ላይ የተጣለውን ጥቁር ሸራ ትሳደባለች፤ የበረዶውን ወራት ሙሉ ፀሐይ ሲከለክላት ከርሞ፣ ዛሬ ጨለማ ስትፈልግ በአንዲት ቀዳዳ ብርሃኑን ይለቅባታል። ከዚያ ቅጠሉን ትሳደባለች፣ ኮሪያውያን ሥጋ የሚጠቀልሉበትን ያንን ሰፊ ቅጠል፣ አጠገቧ ባሉት የላስቲክ ቤቶች ውስጥ እንዳያብብ ተብሎ መብራት እየበራለት የሚያድረውን፣ ስድስት ዓመት አጎንብሳ የለቀመችውን፣ አሥር አሥሩን በክር ያሰረችውን። ባለፈው ማክሰኞ እመቤቲቱ፣ ማለት የእርሻው ባለቤት ሚስት፣ አንዱን እስር አምጥታ ፊቷ ላይ ደቀነችባት፤ ከመሃሉ ሦስት ቅጠል በትል ተበልቷል። «ይኼ ምንድን ነው? ዓይንሽን የት አስቀምጠሽው ነው የምትለቅሚው?» ሦስቱንም ያነሳቻቸው ከግራ በኩል ነበር። በግራ በኩል ዓለም ከተቋረጠ ወር ሊሞላው ነው።

ቀኙ ግን ያያል። ጉዳዩ ሁሉ ይኼ ነው፤ ቀኙ ገና ያያል። ዛሬ ጠዋት፣ የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ሰው ነፃ ሕክምና በሚሰጥበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ አገጯን ብረት ላይ አስደግፈዋት ሐኪሙ በብርሃን ውስጧን ሲበረብር ቆየና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። አስተርጓሚዋ ካንዳ አጠገቡ ቆማለች። ካንዳ የአገሯ የታይላንድ ልጅ ናት፣ ኮሪያዊ አግብታ ወረቀት ያገኘች፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ክፍል የሚገባ፣ ከተማው ውስጥ ያለ የአገሯ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ እሷም የሁሉን ገመና የምታውቅ። «እህቴ፣ የግራ ዓይንዎ የኋላ ሽፋን በቫይረስ ተበልቷል ይላሉ። የተበላው አይመለስም። ቀኝዎንም ከጠርዙ ጀምሮታል። እሱን ግን ማትረፍ ይቻላል።» «በምንድን ነው የሚተርፈው?» «ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። ግን መርፌው ብቻውን አይበቃም፤ ይኼ በሽታ አቅም ያለው ሰው ላይ አይወጣም አሉ።» ካንዳ እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ዝቅ ማድረጓ ላምዱዋንን ከሁሉ በላይ አናደዳት፣ ምነው፣ ሬሳ ነው እንዴ የተቀመጠው? «ኤች አይ ቪ ተመርምረው ያውቃሉ?» «አላውቅም።» «አሁን ጣትዎን ወጋ አድርገው...» «ደሜን አልሰጥም! የመጣሁት ለዓይኔ ነው፣ ጣቴ ምን አደረገ?» ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፣ ትሰድበው ነበር፤ እሱ ግን ቁራጭ ወረቀት ላይ የካንዳን ስልክ ቁጥር ጽፎ በሁለት እጁ ሰጣት፣ ካንዳም ቃል በቃል ነገረቻት፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት የለሁም፣ ያ ዓይን ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ያለብሽን ካወቅሁ ነገ ጠዋት የሚቀበልሽ ሰው አለኝ፤ ሳላውቅ ግን ወዴት ልላክሽ? ላምዱዋን ወረቀቱን ነጥቃ ወጣች። ደረጃው ላይ በግራ ትከሻዋ ከግድግዳው ተላተመች።

የጀመራት በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን ነው። በግራ ዓይኗ ጥግ ብልጭ ይላል፣ ደመና በሌለበት እንደሚበርቅ መብረቅ። ቀኝ ለክፉ፣ ግራ ለደግ፤ ይኼን እሷ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል፣ ቀኝ ዓይንህ ከተርገበገበ ከቤትህ አትውጣ፣ ግራህ ከተርገበገበ እጅህን ዘርጋ። ስለዚህ ሐኪም ቤት አልሄደችም፤ እናቷ ጋ ደወለች። «ግራው ነው? እርግጠኛ ነሽ ግራው ነው?» «ግራው ነው እማ፣ ቀኝና ግራዬን አጣሁት እንዴ?» «ተመስገን! ስንት ጊዜ ብልጭ አለ?» «እኔ ምን ቤት ነኝ፣ ልቆጥረው ነው?» «ቁጠሪዋ! ሎተሪው ሊወጣ አራት ቀን ነው የቀረው፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት!» እና ቆጠረችው። ቅጠል እየለቀመች ቆጠረችው። እስከ ራት አርባ ሰባት ጊዜ። እናቷ መንደሩን ሁሉ አርባ ሰባት አስገዛች፣ ኮንቴነሩን የምትጋራት እትዬ ዋንዲም በስልክ አስገዛች፣ እና ወጣ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች አራትና ሰባት! ዋንዲ እየጮኸች መጥታ የግራ ዓይኗን ቆብ ሳመችው፣ «የኔ ወርቅ ዓይን፣ የኔ ባለሟል!» እያለች፤ የአሳማ ሥጋ ገዝተው ጠበሱ፣ ጠግበው በሉ፣ ሳቁ፣ ዓይኗ በዚያው ምሽት ብልጭ ማለቱን አላቆመም ነበር፣ ሥጋ እያኘከች የዓይኗ ሽፋን በቫይረሱ ይበላ ነበር። ቆይቶ ጥቁር ነጠብጣብ መንሳፈፍ ሲጀምርባት እናቷ ምን አለቻት? «ዝንብ ነው የሚመስለው ወይስ ንብ? ንብ ከሆነ ሀብት ነው።» ንብ! አሁን ማንን ትክሰስ? የሰባ ሦስት ዓመት አሮጊትን? ያን ጊዜ የካቲት አልገባም ነበር፣ ሐኪሙ እዚያው ምድር ቤት ነበር፣ ሁለት ዓይን ነበራት።

እትዬ ቡንማን ግን ትከስሳለች። ታላቅ እህቷን። ላምዱዋን ቫይረሱ እንዳለባት ካወቀች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏ የጭነት መኪና እየነዳ አገር ለአገር ሲዞር ያመጣውን አምጥቶ ለእሷ አካፍሎ ሞተ፣ እሱን ተሳድባ ከጨረሰችው ቆይታለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ ተረተኞች፣ ተረተኞቹን ማን ጠየቃቸው፣ እሷ ሸሽጋ ነው መድኃኒት ያገኘችው፤ ከቡንማ በቀር ማንም ሳያውቅ፣ እናቷ ሳታውቅ፣ ልጇ ኦይ ሳታውቅ፣ ከወረዳው ሆስፒታል በየሦስት ወሩ ትወስድ ነበር። ለጉብኝት ብላ ኮሪያ ገብታ ስትቀርም ቡንማ ናት የምትወስድላት፤ «እህቴ ባንኮክ ሥራ ላይ ናት» እያለች ተቀብላ፣ ከደረቀ ዓሣ ጋር ጠቅልላ ትልክላታለች። ከዚያ የዛሬ ሦስት ዓመት ሆስፒታሉ በቃኝ አለ። «እሷን ራሷን ካላየን፣ ደሟን ካልመረመርን አንሰጥም አሉኝ፤ ነይ» አለቻት ቡንማ። «ነይ? ከዚህ የወጣ ሰው ተመልሶ የሚገባ መሰለሽ? ኦይ ነርስነት ልትጀምር ነው፣ ማን ያስተምራታል?» «እና ያለ መድኃኒት ልትኖሪ ነው?» «እዚህ አግኝቻለሁ። እዚህ ሆስፒታል ይሰጡኛል።» እንዲህ አለቻት፤ በለስላሳ ድምፅ፣ ሳትደናቀፍ። ቡንማም አመነቻት። ይኼ ነው የሚያንገበግባት! በየወሩ ትደውላለች፣ «መድኃኒትሽን እየዋጥሽ ነው?» ትላለች፣ «እየዋጥኩ ነው» ትባላለች፣ «ጎሽ» ብላ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብራት የኖረች እህት፣ በልጅነቷ ስትዋሽ ጆሮዋ እንደሚቀላ የምታውቅ፣ እንዴት ታምናታለች? ለምን አታፋጥጣትም? ለምን «ብልቃጡን አሳዪኝ» አትልም? ማመን ለቡንማ ቀሏት ነው። ለእሷም መዋሸት ቀሏት ነው። ልጇ ኦይ ደግሞ አለች፤ ባለፈው ወር ደውላ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ምን ተማርን መሰለሽ፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ኪኒኑን ካላቋረጠ እንደ ማንም ሰው አርጅቶ ነው የሚሞተው አሉን፣ ገረመኝ» አለቻት። ላምዱዋን «ድስት አረረብኝ» ብላ ዘጋችባት። የተጣደ ድስት አልነበረም።

ከመጋረጃው ወዲያ ዋንዲ ሙቀጫዋን ይዛ ጥሬ ፓፓያ ትወቅጣለች፣ ድም፣ ድም፣ ድም፣ እያንዳንዱ ምት ላምዱዋን ዓይን ውስጥ ያርፋል። «አንቺ ልጅ፣ በርበሬ ስንት ላድርግልሽ?» ትላለች። «አልበላም።» «ሐኪሙ ምን አለሽ አልኩሽ እኮ፣ ከመጣሽ ጀምሮ እንደ ዲዳ!» «ድካም ነው አለኝ።» «ድካም! ለድካም ነው እንዲህ ዓይንሽን እንደ ጉጉት ያስፈጠጠሽ? ነፃ ሕክምና እንዲህ ነው፣ የነፃውን ያህል ነው» ትላለችና ትስቃለች፣ ሙቀጫው ይቀጥላል። ዋንዲ ክፉ ሴት አይደለችም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሲርብሽ ታበላሻለች፣ ሲያምሽ ጀርባሽን ታሻለች፣ አፏ ግን ወንፊት ነው፤ ዋንዲ የሰማችውን የሚቀጥሉት ሦስት እርሻዎች ለራት ይሰሙታል። ላምዱዋን ይኼን ስታስብ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ቀኝ ዓይኗም ብልጭ ካለባት ከዓርብ ጀምሮ ሌላ ሌላውን እየተሳደበች ስታባርረው የቆየችው ነገር፤ ፎጣውን ገልብጣ ቀዝቃዛውን ጎን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች፣ እሱ ግን ይመጣል።

ቶንግካም ይባል ነበር። የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የክፍለ ሀገሯ የሲሳኬት ልጅ፣ ቅጠል ሲለቅም የሚያፏጭ፣ «እትዬ ላምዱዋን» ብሎ የሚጠራት፣ እቃ ከበዳት ብሎ ካየ ሳይጠየቅ የሚሸከም፣ ከኮንቴነሩ የወንዶቹ ወገን የሚያድር። የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር፣ በረዶው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ዋንዲ የስልክ ገመድ ፈልጋ ቦርሳውን ስትከፍት ሦስት ብልቃጥ አገኘች፣ ፎቶ አንስታ አገር ቤት ላለው ነርስ የወንድሟ ልጅ ላከችው፣ መልሱ ሲመጣ ሮጣ የመጣችው ላምዱዋን ጋ ነበር። «እህቴ፣ አለቅን! ከኛ ጋር እየበላ፣ ከኛ ጋር እየጠጣ!» ላምዱዋን ፎቶውን ሳትጠጋ ለይታዋለች፤ የራሷ መድኃኒት ነው፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው ነጭ ክዳን፣ ካለቀባት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «በመብላት አይተላለፍም» ማለት፣ በቃ፣ ሌላ ምንም። ግን እንዲህ የሚል ሰው «አንቺ በምን አወቅሽ?» ይባላል፤ ስለዚህ ከሁሉ በላይ የጮኸችው እሷ ናት፤ «ውጣ! ከኛ ሰሃን እየበላህ ዝም ትላለህ?» ያለችው እሷ ናት፤ ፍራሹን ጫፉን ይዛ እየጎተተች በረዶው ላይ ያወጣችው እሷ ናት፤ ዋንዲ ቆማ ታለቅስ ነበር፣ ክብሪቱን የጫረችው ላምዱዋን ናት። ቶንግካም በካልሲ በረዶ ላይ ቆሞ እሳቱን አየ። አልተሳደበም፣ የተረገመ፣ ቢሳደብ ምን ነበረበት? «ፍራሹ ይቃጠል፣ ጃኬቴን ብቻ ስጡኝ» አለ። ጃኬቱን ወረወሩለት፤ ለብሶ በአስፋልቱ ሄደ። ግርግሩ ሲበርድ ላምዱዋን ሦስቱን ብልቃጥ ከወለሉ አንስታ የሩዝ ዱቄት ከረጢቷ ውስጥ ቀበረቻቸው።

ደወለ። በሦስተኛው ቀን ደወለ። «እትዬ፣ መድኃኒቴ እዚያ ቀርቷል መሰለኝ፤ አንቺ አስቀምጠሽልኝ ከሆነ አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ እመጣለሁ፣ አልጠጋችሁም።» «አላየሁም።» በሳምንቱ ደወለ። «ሦስት ብልቃጥ ናቸው እትዬ፣ ነጭ ክዳን ያላቸው፤ እዚህ አገር ከየት አባቴ አገኛለሁ?» «ዋንዲ ጥላው ይሆናል፣ እሷን ታውቃት የለ።» ከሃያ ቀን በኋላ ደወለ፣ ድምፁ ሳል አለበት፣ ከየት እንደሚደውል አልተናገረም። «እባክሽ እትዬ። አንዷን ብቻ።» «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁትም አልኩህ አይደለም!» ይኼን ስትለው የዕለቱ ኪኒን ጉንጯ ውስጥ ነበር፤ ሲደውል ልትውጠው ውኃ አንስታ ነበር፣ ስታወራ መሟሟት ጀመረ፣ ምላሷ መረረ። «እሺ እትዬ» አለና ዘጋ። ከዚያ ወዲያ አልደወለም። ዘጠና ቀን የሌላ ሰው ዕድሜ ዋጠች፣ በዘጠና አንደኛው ቀን አለቀ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም። የት እንደገባ አታውቅም። ተይዞ ወደ አገሩ ተልኮ ይሆናል፣ እዚያ መድኃኒቱን አግኝቶ ይሆናል፣ ወፍሮ እያፏጨ ይሆናል፤ ወይም አይደለም።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ይኸው አደረገው! ፎጣውን ወርውራ ተቀመጠች፣ ብርሃኑ ወጋት። የሰው መሐላ የሚሰማ ካለ፣ ያን ያህል ጆሮው የቀና ከሆነ፣ «አንዷን ብቻ» ሲባል የት ነበር? ለምን የእሷን ቃል ሰምቶ የልጁን ልመና አልሰማም? የመንደሯ መነኩሴ ደግሞ የሠሩት ነው የሚከፈለው ይላል፣ ተመችቶት ተቀምጦ፤ ቶንግካም ምን ሠርቶ ነበር? እንግዲያው ይታወር፣ ትላለች፣ ቀኙም ይታወር፣ ይገባኛል፣ ምን አባቱ! ትላለችና ወዲያው ትፈራለች፣ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍነዋለች፣ የቀረውን ታያለች፤ በግራው ከታች የብርድ ልብሱ ጠርዝ ብቻ፣ ከዚያ በላይ ግራጫ፣ ባዶ። ኮንቴነሩ የለም። በሩ የለም። የሚቀረኝ ይኼ ነው። ለዚህ ነው ዝም የምለው? ካንዳ እንዳታወራብኝ፣ ዋንዲ እንዳትሰማ ብዬ በአርባ ሁለት ዓመቴ በሰው እጅ ተይዤ ሽንት ቤት ልሄድ? ይገባኛል ያለችውም እሷ ናት፣ አይገባኝም የምትለውም እሷ ናት፣ ሁለቱም በአንድ ራስ ውስጥ ይጮኻሉ። ከእመቤቲቱ ቤት የእሑድ ከሰዓት የቴሌቪዥን ዝግጅት ማብቂያ ሙዚቃ ተሰማ፤ ያ ሲሰማ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

ወረቀቱን ከትራሷ ሥር አወጣች። ቁጥሮቹ ይታያሉ፣ ማለት ቀለም መኖሩ ይታያል፤ ስታስጠጋው ይጠፋል፣ ስታርቀው ይቀላቀላል፣ ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም። ስልኩንም እንደዚያው። የስልኳ ማዳመጫ ደግሞ ውኃ ከገባው ወዲህ ሞቷል፣ የሚሰማው ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ በጩኸት ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሐኪሙን እንደገና ተሳደበች፤ ያሳወረኝ፣ የሰው እጅ እንዳይ ያደረገኝ። ከዚያ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች። «እትዬ ዋንዲ። ይኼን ቁጥር ደውዪልኝ።»

«የማን ነው?»

«ደውዪልኝ አልኩ!»

ዋንዲ አንድ እጇን ጠርጋ የላምዱዋንን ስልክ ተቀብላ ደወለች፤ በሌላው እጇ ዘነዘናውን እንደያዘች። ፊቷ ለላምዱዋን ጭጋግ ነው፤ መልክ የለውም፣ ዓይን የለውም፣ ቢስቅ ቢያለቅስ አይታወቅም። ስልኩ ጮኸ፣ የካንዳ ድምፅ ኮንቴነሩን ሞላው። «አቤት፣ እህቴ? ሐኪሙ ካፖርታቸውን እየለበሱ ነው፣ ቶሎ ይንገሩኝ።»

«ኤች አይ ቪ አለብኝ» አለች ላምዱዋን። ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ እንደ ስድብ። «አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። መድኃኒት እወስድ ነበር። አቁሜያለሁ።»

ካንዳ ተረጎመች። ዋንዲ አልተንቀሳቀሰችም። ከወዲያ የሐኪሙ ድምፅ ይሰማል፣ የወንበር ድምፅ ይሰማል፣ ካፖርቱን አውልቆ የተቀመጠ መሰላት። «እህቴ፣ መቼ ነው ያቆሙት? በደንብ ያስቡ፤ የሚሰጡዎት መድኃኒት በዚህ ነው የሚመረጠው። በሽታው የለመደውን መድኃኒት ቢሰጡዎት አይሠራም፣ ዓይንዎም አይተርፍም።»

«የራሴ ያለቀብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ጥር መግቢያ ላይ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ምንም አልወሰዱም?»

ምንም ማለት ይቻላል። ምንም ቢባል ማን ያውቃል? ቀኝ ዓይኗ ያውቃል። «ሦስት ሳምንት ቆይቼ፣ ዘጠና ቀን የሌላ ሰው ወሰድኩ።»

«የሌላ ሰው? ዓይነቱ አንድ ነው? ሰውየው ምን እንደሚወስድ እርግጠኛ ነዎት?»

«አንድ ነው። የቶንግካም ነው።»

ዘነዘናው ወለሉ ላይ ወደቀ። ካንዳ ስሙን አላወቀችውም፣ ተርጉማ አለፈች፤ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት አለች፣ የሆስፒታሉን ስም አለች፣ ወረቀት አይጠይቁዎትም፣ ሐኪሙ ራሳቸው ይደውላሉ አለች። «ከመርፌው በኋላ ብቻዎን መሄድ አይችሉም። የሚያጅብዎ ሰው አለ?» ላምዱዋን ወደ ዋንዲ ጭጋግ ዞረች። «እህቴ? ሰው አለ ወይ?»

«አለ» አለች ዋንዲ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «አለ በያቸው።»

ስልኩ ተዘጋ። ላምዱዋን ወደ ፍራሿ ተመልሳ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ዋንዲ ከነበረችበት፣ «ደውሎልሽ ነበር?» አለች።

«ሦስት ጊዜ።»

«መድኃኒቱን ምን አልሽው?»

«አንቺ እንደጣልሽው።»

ዋንዲ ዘነዘናውን አንስታ ሙቀጫው ውስጥ ጣለችው። ከዚያ እርምጃዋ ተሰማ፣ መጣች፣ ጭጋጉ ፊቷ ቀረበ፣ ፍራሹ አጠገብ ጎንበስ አለች፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ አነሳች። በመጨረሻ! ላምዱዋን ከዓርብ ጀምሮ የጠበቀችው ይኼን ነው፣ ምናልባትም ከሦስት ዓመት ጀምሮ። «ፍራሹን አውጪው» አለች፣ «አውጪው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ክብሪቱ ምድጃው አጠገብ ነው! ጃኬቴን ብቻ ስጪኝ፣ አውጪው!»

«አትጩኺብኝ» አለች ዋንዲ። «የነገ ልብስሽን ነው የምፈልገው፣ እዚህ ሥር ነበር አጥፌ ያስቀመጥኩት።» አፍንጫዋን በክንዷ ስትጠርግ ተሰማ። «እኔ ላንቺ አላዘንኩም፣ እንዳይመስልሽ። በደንብ የምሰድብሽ ቀን ይመጣል፣ ለሱም ቁጭ ብዬ የማለቅስበት። ዛሬ ግን አንድ ሌሊት ነው ያለሽ። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ፓፓያውን ብዪና ተኚ።»

ሰሃኑን አምጥታ መሃላቸው አስቀመጠች፤ አንዱን ሰሃን። ላምዱዋን አልበላችም። ፍራሹን ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። የሚጎትተው ሰው አልመጣም።